የእርዳታ ስንዴና የጎንደር ገበያ፦ ወሩን ሳይጠይቁ ለተሰጠ ፍርድ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የእርዳታ ስንዴ ከጎንደር በስተ ሰሜን ያሉትን የወገራንና የዳባትን ደጋ ወረዳዎች አምራች አክስሯል፤ ስንዴው ቅዳሜ ገበያ ላይ መታየቱ መሰረቁን ያረጋግጣል፤ ስለዚህ እህሉ ይቁምና ተረጂው ሁሉ ብር ይሰጠው፤ ፕሮግራሙም ስንት ኩንታል አደለ፣ ስንት ሰው አስመረቀ (ራሱን አስችሎ ከእርዳታ አስወጣ) ተብሎ ይመዘን፤ ነጋዴው ከመሃል ይውጣ፤ አገሪቱ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ስለጀመረች የሚያስፈልገው ሁሉ እዚሁ ይገዛ። ጸሐፊው ለገበሬው ተቆርቁረው እንደጻፉ ከቃላቸው ይታወቃል። እኛም የምንመልሰው ያንኑ ገበሬ አስበን ነው። ነገር ግን ነጥቦቻቸው አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ስንዴው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ገበያ፣ ከማን ቤት እንደወጣና ማን ቤት እንደገባ አይጠይቁም።

«የእርዳታ ስንዴ የወገራን ገበሬ ዋጋ ሰበረ» ለሚለው ያቀረቡት ማስረጃ በጥር ወር በወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ላይ ስንዴ መርከሱን ነው። ጥር እኮ ስንዴ የሚረክስበት ወር ነው። ወገራና ዳባት አዝመራቸውን ከኅዳር ጀምሮ አጭደው ይወቃሉ፤ የማዳበሪያ ዕዳው፣ የመሬት ግብሩ፣ የሠርጉ ወጪ ሁሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይደራረባል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሰሞን ጭኖ ገበያ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከእነዚያው ሻጮች ብዙዎቹ ጎተራቸው ተሟጦ ገዢ ሆነው ይመለሳሉ። የእርዳታ እህል በመርሐ ግብሩ ከመጣ የሚደርሰው በዚህ በሁለተኛው ወቅት ነው። ያኔ ዋጋ ቢያወርድ የሚጠቅመው ገዢውን ነው፤ አብዛኛው አምራች በክረምት ለሽያጭ የሚተርፈው ስንዴ የለውም።

ጉዳቱ የሚመጣው ጭነቱ ሲዘገይ ነው፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያነሱት የቀሩትን ነገር እኛ እናንሳላቸው። መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ የማዳበሪያ ጭነትም በዚያው ሰሞን ይደርሳል፤ ወደቡም መኪናውም ለሁለቱ ይሻማል፤ ማዳበሪያ ደግሞ ዘር ከመዘራቱ በፊት መድረስ ስላለበት ይቀድማል። ለሐምሌ የታሰበ ስንዴ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይራገፋል። ኅዳር ላይ የሚታደል እህል የተራበውን ሳይደርስለት ቀርቶ አዲሱን ምርት ገበያ ላይ ያገኘዋል፤ ሁለቱንም ይጎዳል። መድኃኒቱ ያለው በመጠባበቂያ እህል ክምችት አሠራር ውስጥ ነው፦ ረጂው ድርጅት ቃል የተገባለትን ሰነድ አስይዞ ከክምችቱ ይበደራል፣ መርከቡ ሲመጣ ይተካል። አሠራሩ የሚበላሸው የተበደረው ሳይተካ ሲቀርና ክምችቱ በክፉ ዓመት ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ «ስንዴው ይቁም» ከማለት «ከኅዳር እስከ የካቲት ስንዴ አይታደል፤ ዘግይቶ የደረሰው ወደ ክምችቱ ይመለስ» ማለት ለወገራ ገበሬ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

መጠኑንም በቁጥር እናስቀምጠው። ለምሳሌ አንድ ወረዳ 40,000 ተረጂ አለው እንበል። በሰው 15 ኪሎ ሲታሰብ የወሩ ድርሻ 6,000 ኩንታል ነው፤ እያንዳንዱ 400 ኩንታል የሚጭን 15 ተሳቢ መኪና ማለት ነው። ከዚህ አንድ አምስተኛው ገበያ ቢወጣ 1,200 ኩንታል ይሆናል፤ በወሩ አራት የገበያ ቀናት ሲካፈል ለአንድ ገበያ 300 ኩንታል ይደርሰዋል። 300 ኩንታል ጎንደር ከተማ ቢራገፍ ዱቄት ፋብሪካዎቹና ዳቦ ቤቶቹ ሳይታወቃቸው ይወስዱታል። ያው 300 ኩንታል በለሳ ውስጥ ባለው አርባያ ገበያ ላይ፣ ጭቃ መኪና በያዘበት ሳምንት ቢወጣ ግን ዋጋውን ይጥለዋል። የሚጎዳው ታዲያ ወገራ ያለው አምራች ሳይሆን ስንዴውን ሸጦ ማሽላ ሊገዛ የወጣው የበለሳ ተረጂ ነው።

ኢትዮጵያን ለይተው የተሠሩ ጥናቶችም አሉ። ጌታው ታደሰና ጀራልድ ሺቭሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የእርዳታ እህል ከአገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ በታች ሲሆን አምራቹን የሚያዳክም እንደማይመስል፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ እንደሚታይ አሳይተዋል። ጀምስ ሌቪንሶንና ማርጋሬት ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ2007 የቤተሰብ መረጃ ይዘው ሲመረምሩ ስንዴ ገዢ የሆኑት ቤተሰቦች ከሻጮቹ ይልቅ ድሆች እንደሆኑ፣ በየኑሮ ደረጃውም ገዢዎቹ ከሻጮቹ እንደሚበዙ አግኝተዋል። «ገበሬ» ሲባል ሻጭ ብቻ አድርጎ ማሰቡ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ነው። ዳባት ውስጥ በጥር ሁለት ኩንታል የሚሸጥ ሰው በሐምሌ ሦስት ኩንታል የሚገዛ ከሆነ የስንዴ መወደድ ለእርሱ ጥቅም አይደለም።

አሜሪካም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የቤልሞን ድንጋጌ መሠረት እህል ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር እንዲረጋገጥ ታዛለች፦ ተቀባዩ አገር በቂ ማከማቻ እንዳለውና እህሉ የአገሩን ምርት በእጅጉ እንደማያሰናክል። ቁም ነገሩ ትክክል ነው፤ ስሌቱ ግን በአገር ደረጃ ሲሠራ የአርባያን ገበያ አያይም። አገር አቀፉ መጠን ከ10 በመቶ በታች ሆኖ አንድ ወረዳ ላይ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ሌላም አለ፤ ከ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ጀምሮ መንግሥት በገዛ ገንዘቡ ከውጭ አስመጥቶ ለዱቄት ፋብሪካዎች በድጎማ ያከፋፈለው ስንዴ ከዓመት እስከ ዓመት ሲገባ ቆይቷል። ዱቄት ፋብሪካ ርካሹን ስንዴ በኮታ እያገኘ ከወገራ ለምን ይገዛ ነበር? ስለ ስንዴ ዋጋ መውደቅ ጽፎ ይህን አለማንሳት ክሱን በተሳሳተ ሰው ላይ ማቅረብ ነው።

ክሱን በእርግጥ መመርመር የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ያድርግ። አራት ገበያ ይምረጥ፦ አርባያ፣ ማክሰኝት፣ አምባ ጊዮርጊስና ጎንደር። በየሳምንቱ፣ በዚያው የገበያ ቀን፣ በዚያው ሰዓት የስንዴንና የማሽላን ዋጋ በኪሎ ይመዝግብ፤ በቁና ወይም በጣሳ ከተሸጠ መስፈሪያው የሚይዘውን በሚዛን አስመዝኖ ወደ ኪሎ ይለውጥ፤ መስፈሪያ ከገበያ ገበያ ይለያያልና። ከጎኑ እህል የታደለበትን ቀንና መጠኑን ያስፍር። ከዚያ የስንዴውን ዋጋ ለማሽላው ያካፍል። ነዳጅ ቢወደድ፣ ብር ቢረክስ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፤ ዕደላው ስንዴን ለይቶ ከመታው ግን የሚወርደው ይህ ንጽጽር ነው። የወር አማካይ አይጠቅምም፤ የዕደላ ጫና ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታይቶ ይጠፋል፣ የወሩ አማካይ ይውጠዋል። ደግሞም እርዳታ የሚመጣው አዝመራ በከሸፈበትና ዋጋ በናረበት ዓመት ስለሆነ ዓመትን ከዓመት ዝም ብሎ ማወዳደር ያሳስታል፤ እርዳታው ዋጋ ያስወደደ ይመስላል። የሚወዳደረው ዕደላ የደረሰበት ገበያ ካልደረሰበት ገበያ ጋር፣ በዚያው ሳምንት ነው።

ጸሐፊው «ገበሬው ስንዴ መዝራት ተወ» ሲሉም ምክንያቱን ለእርዳታው ሰጥተውታል። በ2003 ዓ.ም. በተነሣው ቢጫ ዋግ በተባለው የስንዴ በሽታ ወረርሽኝ ኩብሳንና ጋላማን የመሳሰሉ በሰፊው የተዘሩ ዝርያዎች እንዴት እንደተመቱ የስንዴ ገበሬ ያውቀዋል። ወገራና ዳባት ላይ ደግሞ የቢራ ገብስ አለ፤ ጎንደር ላይ ቢራ ፋብሪካም ብቅል ፋብሪካም ስላለ ገብሱ ቅርብ ገዢ አገኘ። ገዢው በታወቀ ሰብል ላይ መሬቱን ያዛወረ ገበሬ ተሸናፊ አይደለም።

«ስንዴው ገበያ ላይ ታየ፤ ስለዚህ ተሰረቀ» ወደሚለው እንለፍ። ይህ ነጥብ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነው፤ ስርቆት የለም አንልምና። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ ላይ እርዳታው መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ የቆመው እህሉ ከተረጂው እጅ እየወጣ መሆኑ ስለተደረሰበት ነው። የተረጂ ምዝገባውና የዕደላው አሠራር ተቀይሮ እስኪመለስ ድረስ ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራት የተራበው አንዲት ፍሬ ያልሰረቀው ሰው ነው። ለዚህ ነው ስርቆትንና የቤተሰብ ሽያጭን ለይቶ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው። ሁለቱን የሚቀላቅል ግምገማ ሌባውን ሳይነካ ተረጂውን ይቀጣል።

ተረጂ ስንዴ የሚሸጥባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ወፍጮ ቤት በብር ነው የሚፈጨው። ከእህል ማደያው እስከ ቤት ለአህያ ይከፈላል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ከ15 ኪሎ ስንዴ ውስጥ አይወጡም። ከሁሉ በላይ ግን ቆላው በለሳ ማሽላ ነው የሚበላው። ስንዴ ከማሽላ በሩብ ዋጋ ቢበልጥ 10 ኪሎ ስንዴ ሸጦ 12 ኪሎ ተኩል ማሽላ መግዛት ይቻላል፤ የሁለቱ ጉልበት ሰጪነት በኪሎ ሲታይ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ቤተሰቡ በዚህ ልውውጥ የአምስት ቀን ምግብ የነበረውን ስድስት ቀን አደረገው። ይህን «አባካኝነት» ብሎ የጻፈ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባል ብለን እናምናለን።

መለያው እንዲህ ነው። ቤተሰብ የሚያወጣው ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ኪሎ፣ አፉ የተፈታ፣ በትንሽ ከረጢት ወይም በአቁማዳ ነው፤ ሻጯም ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ከመስመር የወጣ እህል ግን በ50 ኪሎ ጆንያ፣ የፋብሪካው ስፌት ሳይፈታ፣ ክምር ሆኖ ነው የሚገኘው። የቤተሰብ ሽያጭ ከዕደላው ቀን በኋላ ይጀምራል፤ ሙሉ ጆንያ ከዕደላው በፊት ገበያ ላይ ከታየ ግን የወጣው ከመጋዘን ወይም ከመኪና ላይ ነው። ባዶ ጆንያ ምንም አያረጋግጥም፤ ጆንያ በፍሬ ይሸጣል፤ የወገራ ስንዴም፣ የደምቢያ ሽምብራም በዚያው ምልክት ባለው ጆንያ ይጫናል። ቅዳሜ ገበያ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ በቅድሚያ ስፌቱን ማየት ነው።

ሰነዱን መከተልም ይቻላል። ዌይቢል የሚባለው የጭነት ሰነድ ላይ የተላከውና የተረከበው ይጻፋል፤ መጋዘን ውስጥ እያንዳንዱ ክምር የራሱ ካርድ አለው። መርማሪው የካርዱን ቀሪ ከቆጠራው ጋር ያመሳክር፤ ክምሩ በንብብር ስለሚደረደር ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በጆንያ ቆጥሮ ማባዛት ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የክምሩ መሃል ባዶ ሆኖ መደርደሩ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ወጥቶ ማየት ግድ ነው። «የተበላሸ» ተብሎ የተቀነሰ እህል ካለ ደግሞ ብልሽቱ ራሱ ይታይ። እህል ያለ ርብራብ መሬት ላይ ከተደረደረ፣ ከግድግዳ ሳይርቅ ከተጠጋ፣ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከገባ በክረምት ይሻግታል። ለነቀዝ የሚደረገው ፎስቶክሲንም ክምሩ በተቀደደ ሸራ ተሸፍኖ ከሆነ ጋዙ ስለሚወጣ ነቀዙ ሳይሞት ይቀራል፤ በዚያ ላይ ለዘበኛው ጤና አደገኛ ነው። በትክክል የታጠነ ክምር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ታሽጎ ይቆያል፤ ዕደላ ደርሷል ተብሎ በሁለተኛው ቀን የተከፈተ ክምር እንዳልታጠነ ይቆጠራል።

ስለ ምዘናው። ስንት ኩንታል ታደለ የሚለው የወጣውን እንጂ የተገኘውን አይነግርም። ስንት ሰው ተመረቀ የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለችግረኛ ቤተሰቦች በሥራ ምትክ እህል ወይም ብር የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ምረቃ እንደ ኮታ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታይቷል፤ ሁለት በግ የገዛች መበለት ከመዝገብ ትሰረዛለች፣ በሚቀጥለው ድርቅ በጎቹን ሸጣ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ተርታ ትመለሳለች። መዝገቡ ላይ ግን የተመረቀች ናት።

ሊለካ የሚገባው እያንዳንዱ ሰው ቤት የገባው ኪሎ ነው። የድንገተኛ እርዳታ የወር ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በቀን ሲካፈል ስንዴው 500 ግራም፣ ወደ 1,700 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ጥራጥሬው ወደ 170፣ ዘይቱ ወደ 120 ይጨምራል፤ ድምሩ 2,000 አካባቢ ደርሶ ለሰው በቀን ከሚታሰበው 2,100 ትንሽ ይጎድላል። ይህ ሙሉ ድርሻ ሲደርስ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ሦስት ብሎ ሲመዘገብ 45 ኪሎው ለአምስት ይካፈላል፤ ለሰው 9 ኪሎ፣ በቀን 300 ግራም፣ ወደ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ብቻ። በሪፖርቱ ላይ ግን «ሦስት ሰው ሙሉ ድርሻ ተቀበለ» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው መሸርሸሪያ ጆንያው ነው። 50 ኪሎ ለ15 አይካፈልም፤ ስለዚህ ለአሥር ሰው ሦስት ጆንያ ተሰጥቶ «እናንተው ተካፈሉ» ይባላል። ክፍፍሉ ደጅ ላይ በጣሳ ይሆናል፤ ጣሳው ጎድጓዳ ወይም ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፣ አካፋዩም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። የፈሰሰውና ለአካፋዩ የቀረው የሚቀነሰው ደግሞ ከደካማው ነው፤ ከአሮጊቷና ልጅ ካዘለችው።

ስለዚህ ገምጋሚ ወደ መጋዘን ቢሮ ከመግባቱ በፊት የሚንጠለጠል ሚዛን ይዞ ከማደያው መውጫ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ይቁም፤ በየአምስተኛው ሰው ያስቁም፣ ይመዝን፣ የቤተሰቡን ቁጥር ይጠይቅ። ከዚያ ቀበሌው ውስጥ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሦስትና አራት ሽማግሌዎችና ሴቶች ለየብቻ የጎጡን ቤት ሁሉ በኑሮው አራት ቦታ ይመድቡለት። የተረጂውን መዝገብ ከዚያ ጋር ሲያስተያይ ከድሆቹ ማን እንደተዘለለ፣ ከሀብታሞቹ ማን እንደገባ ይወጣል። ከመዝገቡ ሠላሳ ቤት፣ ከመዝገቡ ውጭም ሠላሳ ቤት በዕጣ አውጥቶ አራት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ምን ያህሉ ተሸጠና ለምን። ከመዝገቡ ውጭ ያሉትን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ያለ እነርሱ ግን ግምገማው የተሰለፉትን ብቻ ቆጥሮ የተመለሰ ነው።

«ሁሉም ብር ይሰጠው» የሚለው ከነጥቦቹ ሁሉ አሳማኝ መስሎ የሚታይ ነው፤ ለአንዳንድ ቦታና ወር እኛም እንደግፈዋለን። ብር አይነቅዝም፣ ተሳቢ አይጠይቅም፣ ገበያውንም ያነቃቃል። ግን ቁጥሩን እንመልከት። ሴፍቲኔት ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ነው የታሰበው። በ2000 ዓ.ም. እህል ሲወደድ ብሩ ወደ 8 ከፍ ቢልም 3 ኪሎ መግዛት አልቻለም። ብር ይመርጡ የነበሩ ተረጂዎች ወደ እህል የዞሩት ያኔ ነው። ብር የሚከሽፈው መጠኑ በዓመት አንድ ጊዜ በበጀት ተቆርጦ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ሲለወጥ ነው፤ የዋጋ ንረቱን አደጋ ከረጂው ትከሻ አንስቶ በተረጂው ላይ ይጭነዋል።

ብር ለአምባ ጊዮርጊስ ይሆናል፤ አስፋልት ላይ ያለ፣ ነጋዴው የበዛ ገበያ ነው። ከዋናው መንገድ የራቁት ተራራማዎቹ ጃናሞራና በየዳ ግን ክረምት ላይ ሌላ ነገር ናቸው። ብር ከመወሰኑ በፊት የወረዳው ባለሙያ ገበያው ላይ ያሉትን የእህል ነጋዴዎች ለየብቻ «ዋጋ ሳትጨምር በሳምንት ምን ያህል ልታመጣ ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቅና መልሶቹን ይደምር። ድምሩ ተረጂው ከሚገዛው ካነሰ ብሩ እህሉን ከማምጣት ይልቅ ዋጋውን ያንራል፤ ከመዝገብ የተዘለለው ድሃም አብሮ ይጎዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ይህ ስሌት በአንድ ቀን ይገለበጣል። በጥቅሉ ከጥር እስከ ሚያዝያ ገበያው እህል ሲኖረው ብር፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ እህል ማድረግ ለደጋውም ለቆላውም የተሻለ ነው። ጸሐፊው «ሁሉም፣ ሁልጊዜ» ባይሉ ኖሮ እዚህ ላይ እንስማማ ነበር።

ስለ ነጋዴው ብዙ አንልም። ነጋዴን ከመሃል ማውጣት በደርግ ዘመን ተሞክሯል፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር፣ ኬላ ነበር፣ ገበሬው ኮታውን ለመሙላት በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳ ያዘነ አምራች አልነበረም። ሰብሳቢው፣ ጆንያው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የመኪናው ኪራይ፣ የሚፈሰውና የሚነቅዘው ተደምሮ ነው በአምባ ጊዮርጊስና በጎንደር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት። ገበሬውን የሚጎዳው በጥር ለመሸጥ መገደዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት በበቆሎና በስንዴ ጀምሮ ነበር፤ ሳይቆይ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ፤ የስንዴ ኩንታል ዋጋ የመጋዘንና የናሙና ወጪውን አልሸከም አለ። ስለዚህ በጥር ሳይሸጡ በመጋዘን ደረሰኝ፣ ማለትም ባስቀመጡት እህል ዋስትና፣ ብድር ማግኘት የሚቻለው ማኅበራት በቀበሌያቸው አጠራቅመው፣ አበጥረው፣ በአንድ ጥራት ትልቅ ጭነት ሲያቀርቡ ብቻ ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ይወስደናል፦ «እዚሁ ይገዛ»። በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እንስማማለን፤ በተለይ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ከተዘጋ ወዲህ የሚመጣው ሲያንስ የሚገዛው በትክክል መገዛት አለበት። ነገር ግን አገሪቱ ስንዴ ላከች ማለት በለሳ ስንዴ አገኘ ማለት አይደለም፤ ትርፉ ያለው አርሲና ባሌ ነው፣ ጉድለቱ እዚህ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የገበሬ ማኅበራት ስብስብ ከሆኑት የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሲገዛ፣ በአብዛኛው በቆሎ፣ ያጋጠመው ችግር ለእኛም ትምህርት ነው። ውል በታኅሣሥ ይፈረማል፤ ርክክቡ በመጋቢት ነው፤ በመካከሉ ዋጋ ይጨምራል። ነጋዴው በዕለቱ ጥሬ ብር ሲከፍል ማኅበሩ «ዩኒየኑ ሲከፈለው» ይላል። አባሉም ለነጋዴው ይሸጣል፤ ዩኒየኑ ውሉን ሳይሞላ ይቀራል። መፍትሔው ውሉን ወደ 30 ቀን ማሳጠር፣ ዋጋውን በርክክብ ሳምንት ገበያ ላይ ተመሥርቶ እንዲስተካከል ማድረግ፣ ባንክ ውሉን እንደ ዋስትና ይዞ ለማኅበሩ በዕለቱ የሚከፍለውን ብር እንዲያበድር ማድረግ ነው። ማኅበሩ በበኩሉ እርጥበት መለኪያ፣ ወንፊትና ጆንያ ወግተው ናሙና የሚያወጡበት ብረት ሳይኖረው ውል አይፈርም፤ ጎንደር ድረስ ተጭኖ በእርጥበት የተመለሰ 400 ኩንታል አንድን ማኅበር ለዓመታት ያከስራል።

እኛ ደግሞ ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ነገር እንጨምር፤ ስንዴ ለምን? መተማና ቋራ ከሰሊጡ ጎን ማሽላ ያመርታሉ፤ በለሳ የሚበላው ማሽላ ነው። በታኅሣሥና በጥር ማሽላው በረከሰበት ጊዜ ገዝቶ ጎንደርና ማክሰኝት ላይ አከማችቶ በሰኔ ማደል ተረጂው ስንዴ ሸጦ ማሽላ ሲገዛ የሚያጣውን ልዩነት ያስቀርለታል፤ የወገራንም የስንዴ ገበያ አይነካም። የመተማ ማሽላ ክረምት ሳይገባ መጫን አለበት፤ ወደ እርሻዎቹ የሚያስገባው መንገድ ጥቁር አፈር ስለሆነ በሰኔ አጋማሽ ተሳቢ አያወጣም። ግዢው ሰኔ ላይ ከተጀመረ የሚገዛው በጥር ከገበሬው ሰብስቦ ካከማቸው ነጋዴ እጅ፣ በሰኔ ዋጋ ነው።